ካቡ የማን ነው?

ማንኩሳን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት ሳይረግጣት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተጋብተው በዛብህን የወለዱት እዚያ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ መንገደኛ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ያያታል። በክረምት ያለፈ ሰው ግራ ቀኙ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ ሆኖ፣ ገበሬው ሳይቆርጥ የተዋቸው ዋንዛና ብሳና በየማሳው መካከል ቆመው ሲያይ «ይኼ አገር ምን ጎድሎት!» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ለም አገር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው «ምን ጎድሎት» የሚለው አባባል ነው።

ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ከላህ ወይም ከብር ወንዝ ዳር ቆማችሁ ውሃውን ተመልከቱ። ቀይ ነው። ያ ቀለም የደጋውና የወይና ደጋው ማሳ ነው፤ ገበሬው ደጋግሞ ያረሰው፣ ያለሰለሰው፣ በብድር የገዛውን ማዳበሪያ የበተነበት አፈር ነው። የሁለቱም ወንዞች መጨረሻ ዓባይ ነው። ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይገባል። ለዚያ ግድብ ከጥሪቱ ቀንሶ ያዋጣ ገበሬ አፈሩም በየክረምቱ ወደዚያው ሲወርድ ያያል። ይህ ለእርሱም አይበጅ፣ ለግድቡም አይበጅ።

ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ኸርኒ ከሠላሳ ዓመታት በፊት ያወጡት ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዚያ ስሌት ከኢትዮጵያ መሬት በዓመት 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ አፈር ይሸረሸራል፤ ከታረሰ መሬት ደግሞ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ይሄዳል። በእኛ ገበሬ መለኪያ እናምጣው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ካልን ከአንድ ጥማድ በዓመት ከ100 ኩንታል በላይ አፈር ይታጠባል ማለት ነው። ከዚያው ጥማድ አምስት ኩንታል ጤፍ ያስገባ ገበሬ «ዘንድሮ ደግ ዓመት ነበር» ይላል። ቁጥሩ የአገር አማካይ ነው፤ አንዱ ማሳ ከዚህ ያነሰ፣ ተዳፋት ላይ ያለው ደግሞ እጅግ የበዛ ያጣል። ዝናቡ ብርቱ በሆነበት በምዕራብ ጎጃም ተዳፋት ማሳ ያለው ሰው ይህን ለማወቅ ተመራማሪ አላስፈለገውም። አባቱ ሲያርስ ያልነበረ ድንጋይ ዛሬ ማረሻውን ሲመታው ያውቀዋል።

ምዕራብ ጎጃም በመንግሥት መዝገብ «ትርፍ አምራች» ነው። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ለድርቅ የተጋለጡት ወረዳዎች ቅድሚያ አገኙ፤ ትክክልም ነበር። ወደ ጃቢ ጠህናንና ወደ ቡሬ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ምርት ማሳደጊያ ፕሮግራም፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ግዙፉ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመረቁ። እነዚህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሁሉም ለመሬቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ትሰጣለህ? ከሰጠ በኋላ ምን ቀረው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። የሰሜን ወሎ ገበሬ ችግሩ በረሃብ ስለሚገለጥ አገር ያውቅለታል። የጎጃም ገበሬ ችግር ግን ጎተራው ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ምርቱ የሚቀንሰው በአንድ ዓመት ስላልሆነ፣ የቀነሰውንም በተጨማሪ ማዳበሪያ ስለሚሸፍነው፣ ሪፖርት ላይ አይታይም።

መሬቱ ግን ይናገራል። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ሰፊ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ብርቱ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፣ ገለባውም ግርዱም ለከብት ተሰብስቦ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር ያንሳል፣ ኩበቱም ለማገዶ ይውላል። አፈሩ ሲኮመጥጥ የተበተነው ፎስፈረስ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ሰብሉ አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ ይታወቃል። ግን እንደ አሲዱ መጠን በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይፈልጋል። ያንን ከፋብሪካ እስከ ማሳ ማን ያጓጉዘው? አንድ አባወራ በአህያ የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ለሚታገል ገበሬ ከአቅም በላይ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ መኪና ሲከራይ ግን ይቻላል። መንደሩ ራሱ የሚመራው ሥራ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተሳካ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደንበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ አንጀኒ ይገኛል። በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከአገሪቱ ጥቂት የምርምር ጣቢያዎቹ አንዱን እዚያ ተከለ። የጣቢያው ተፋሰስ 113 ሄክታር ገደማ ነው፤ ምንጨት የሚባል ወንዝ ያፈስሰዋል። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት፣ የታረሰ፣ የተሸረሸረ ተዳፋት ነበር። በ1978 ዓ.ም. ተፋሰሱ በሙሉ እርከን ተሠራለት። አሠራሩ ከኬንያ ማቻኮስ የመጣ ሲሆን ባለሙያዎቹ «ፋንያ ጁ» ይሉታል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቁልቁለቱን ተሻግሮ ጠባብ ቦይ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ በኩል ይወረወርና ክትር ይሆናል። ከዚያ ሥራውን ዝናቡና በሬው ይቀጥሉታል። በእያንዳንዱ እርሻ፣ በእያንዳንዱ ዝናብ ከላይ የተንሸራተተው አፈር ክትሩ ጋ ደርሶ ይቆማል። ክትሩ ሲሞላ ገበሬው ቦዩን ጠርጎ እንደገና ወደ ላይ ይወረውራል፣ ክትሩም ከፍ ይላል። ዓመታት ሲያልፉ በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ተዳፋት ሜዳ እየሆነ ይመጣል፤ ኮረብታውም ከሩቅ ሲያዩት ደረጃ ይሠራል። አንጀኒ የሆነው ይኸው ነው። ከደረጃው ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው በሰው ቁመት ሊቃረብ የሚችል የታቀበ አፈር ያገኛል። ያ ሁሉ ባይቆም ኖሮ ወንዝ የሚወስደው ነበር።

ግን ገበሬው ይህን ሲሠራ ያለ ቅሬታ አልሠራም፤ ቅሬታውም ውሃ የሚያነሳ ነበር፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መዝግበውታል። ክትርና ቦይ ቦታ ይይዛሉ፤ ሁለት ጥማድ ላለው ሰው እያንዳንዱ ክንድ መሬት እንጀራ ነው። ክትሩ ውስጥ አይጥ ይራባል። ጠባብ ደረጃ ላይ ሁለት በሬ ጠምዶ መዞር ያስቸግራል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ከክትሩ በላይ ውሃ ይቋትና ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ከሁሉም በላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ከፍ አላለም፤ አፈሩ መቅረቱ እንጂ ጎተራው መሙላቱ ወዲያው አልታየም። ታዲያ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየአገሩ በደርግ ዘመን የተሠራ እርከን ሲፈርስ፣ የተተከለ ደን ሲጨፈጨፍ፣ የአንጀኒ እርከን ቆመ። ገበሬው ለምን አላፈረሰውም? እኔ የምሰጠው መልስ፣ ፍርዱ የእርሱ ስለሆነ ነው። ጣቢያው ዝናቡንና ጎርፉን በየቀኑ እዚያው ይመዘግብ ነበር፤ ገበሬውም ከእርከኑ በታችና ከእርከኑ በላይ ያለውን ማሳ በየክረምቱ እያየ ያመዛዝን ነበር። ክትሩን የሚጠርገው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ ጥቅምና ጉዳቱን የሚቆጥረው እርሱ ሆነ።

ከዚህ ጋር የየዓመቱን የጥር ዘመቻ ላስተያይ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ሁሉ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ገበሬው ወንድ ሴት ሳይል በነጻ ጉልበቱ ወጥቶ ካብ ይክባል፣ ቦይ ይቆፍራል። የዚህን ሥራ ስፋት ማቃለል ነውር ነው። ምንም ክፍያ ሳያገኝ ሚሊዮን ሕዝብ ለሳምንታት ተራራ ላይ የሚውልበት አገር በዓለም ብዙ አይደለም። በክልሉ ከንክኪ ነፃ ሆነው የተከለሉ፣ ዳግም የለመለሙ ኮረብታዎች አሉ፤ ደርቀው የነበሩ ምንጮች የፈለቁበት ቦታም አለ። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሓ የተባለው መንደር በዚህ ዓይነት ሥራ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል።

ሆኖም ዘመቻው የሚለካበትን መንገድ ስመለከት ልቤ ይደማል። ሪፖርቱ በኪሎ ሜትርና በሄክታር ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ። ኮታ ያለበት የቀበሌ ሊቀመንበርም ባለሙያም የሚጨነቀው ስለ ርዝመት ነው። እርከን ግን በርዝመት አይበጅም፤ የሚበጀው ልኩ ሲጠበቅ ነው። ልኩ የሚወሰደው ሁለት ሰዎች ዘንግ ይዘው፣ በመካከላቸው ሲባጎ ወጥረው፣ ሲባጎው መሐል ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ የውሃ ልክ ነው። አረፋዋ መሐል ላይ ካልተቀመጠች ዘንጉን የያዘው ሰው ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል። በችኮላ ከተዘለለ ቦዩ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ከዳገቱ የመጣው ውሃ ሁሉ ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ ይከማችና ክትሩን በጥሶ ይወርዳል። ከዚያ ከታች ያለው ጎረቤት ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፈታል። በተሳሳተ ልክ የተሠራ እርከን ጨርሶ ካልተሠራው የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን በልኩ የተሠራውም በስህተት የተሠራውም እኩል አንድ ኪሎ ሜትር ናቸው።

ዘመቻው ካለቀ በኋላ ደግሞ ከብቱ ይለቀቃል። አዝመራ የተነሳበት ማሳ የሁሉ ግጦሽ ነው፣ ልማዱ ነው። ላም ክትሩ ላይ የበቀለውን ሣር ትከተላለች፣ ካቡን ትረግጣለች። ድንጋዩ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል? ብዙ ቦታ መልሱ «የመጪው ዓመት ዘመቻ» ነው። «የመንግሥት ካብ ነው» ሲባል የሰማ ሰው ጉዳዩ ስንፍና ነው ብሎ ገበሬውን ይወቅሳል። እኔ ግን ገበሬውን አልወቅስም። ቦታውን ሌላ መረጠለት፣ ቀኑን ሌላ ወሰነለት፣ ልኩን ሌላ ነገረው፣ ሪፖርቱን ሌላ ወሰደው። ታዲያ በምን ሒሳብ የእርሱ ይሆናል?

ይህ ጥርጣሬ ትናንት የበቀለ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ስለ መሬቱ ከላይ በሚወርድ ነገር ላይ ረጅም ትዝታ አለው። በሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ከልማድ ውጭ የተጣለባቸውን ጫና አንሸከምም ብለው ይቆማሉ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ነገሩ በእውን ሆነ። አሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር የሚተክለው አዋጅ ሲወጣ የደጋ ዳሞትና የአካባቢው ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ግብሩ ብቻ አልነበረም ያስፈራው፤ መሬቱን የሚለካ እጅ ነገ ርስቱን ይነጥቃል የሚል ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፣ ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽጉ መጣ፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው «ቢሮክራት» ወይም «ቅሪት ፊውዳል» ተብሎ ተቀነሰበት። ይህን ሁሉ ያየ ቤተሰብ ዛሬ ባለሙያ ሲባጎ ይዞ ማሳው ላይ ሲወጥር ምን እንደሚያስብ መረዳት አለብን። የይዞታ ደብተሩ፣ በባልና በሚስት ስም ሆኖ መሰጠቱ፣ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር። ደብተር ያለው ሰው ማሳው ላይ ዋንዛ ለመትከል አይሳሳም። የጋራው ኮረብታ ግን የማን ነው?

መልሱ ከመንደሩ ውጭ መፈለግ የለበትም ብዬ አምናለሁ። የምዕራብ ጎጃም መንደር ደካማ ሕዝብ የሚኖርበት ባዶ ቦታ አይደለም፤ ደንብና ዳኛ ያለው ማኅበር ነው። ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለአንተ ያረምኩትን ነገ ለእኔ ታርማለህ፣ ቀኑም ጉልበቱም ይቆጠራል። ደቦ አለ። እድር አለ፤ ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ማንም ፖሊስ ሳይጠራ ይከፍላል። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ አለ። በባህላዊ መስኖ አካባቢ የውሃ አባት አለ፤ ቦዩ ከላይ እስከ ታች ሲጠረግ ማን መጣ ማን ቀረ የሚለውን ይይዛል፣ ተራ ያወጣል፣ ሌሊት ውሃ የሰረቀን ያስቀጣል። ለበሬ ሣር የሚጠበቅ ክልክል አለ፤ እስከ ተወሰነ ቀን ማንም ከብት አያስገባም። እነዚህ ሁሉ ዝናብ ሲያጥር ወይም ሲበዛ፣ ሰው ሲታመም፣ በሬ ሲሞት ቤተሰብ እንዳይወድቅ የሚይዙት ገመዶች ናቸው። በዘመኑ አነጋገር «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር» የሚባለው መንደር ከእነርሱ ውጭ ሊሠራ አይችልም።

የዚህን አቅም ትልቁን ማስረጃ በክልላችን ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ እናገኛለን። የአስቦና የጌራ ወገኖች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ በቄሮ ሥርዓት አስተዳድረውታል። ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በስምምነት ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ጥበቃውን የሚመራውን ሰው ራሳቸው ይመርጡታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የ1967 አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ስላለ የጋራ ሀብት አስተዳደር ባደረጉት ጥናት ነው። ከስዊስ ግጦሽ እስከ ስፔን መስኖ የጋራ ሀብትን መርምረው፣ ወሰኑ የታወቀ፣ ደንቡን ተጠቃሚው ራሱ ያወጣው፣ ጠባቂው ለተጠቃሚው የሚጠየቅ፣ ቅጣቱም ከቀላል ጀምሮ የሚጨምር ሲሆን የጋራ ሀብት እንደሚጠበቅ አሳይተዋል። የመንዝ አያቶች ኦስትሮምን አላነበቡም።

ደግሞም መንደሩ ራሱ የሚመርጠው ሁሉ ልክ ነው ብዬ አላታልልም። ከቡሬ ብዙም በማይርቀው በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው አሲዳማ ሆኖ ምርት የነሣውን ማሳ ዲከረንስ በተባለ ዛፍ ሸፈነው። ማንም አላዘዘውም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ ዛፉ ያድጋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ አፈሩም ናይትሮጂን አግኝቶ ያገግምና ተመልሶ ይታረሳል። ችግኝ ማፍላት ራሱ ሥራ ሆነ፤ ሴቶችና ወጣቶች ገቢ አገኙበት። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። በሳተላይት ሲታይ የወረዳው የዛፍ ሽፋን ጨመረ። በአገራችን ገበሬው ራሱ ከፈጠራቸው የእርሻ ለውጦች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ልንኮራበት ይገባል። ግን ሁሉም አንድ ዛፍ ተከለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ መጣና ዛፉን ያደርቀው ጀመር፤ በደቡብ አፍሪካም የዲከረንስን ዘመዶች ያጠቃ በሽታ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኑሮ አብሮት ታመመ።

የማንኩሳና የቡሬ በርበሬም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በርበሬ ለአካባቢው ቤተሰብ ጨውና ልብስ፣ የልጅ ደብተርና የሠርግ ወጪ ነው። በመደብ ላይ የፈላው ችግኝ ሰኔና ሐምሌ ላይ ወደ ማሳ ይወሰዳል፤ መኸር ላይ ቀልቶ ይለቀማል፣ ይሰጣል። ውሃ የሚቋትበት ማሳ ላይ ከሆነ ሥሩ ይበሰብስና ለምልሞ የዋለው ተክል በድንገት ይጠወልጋል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው የለም። ከወቅቱ ውጭ በኅዳር የሚጥል ዝናብ ደግሞ የተሰጣውን ያሻግተዋል። ማሳን ማፈራረቅ፣ ውሃ ማጠንፈፍ፣ ጤናማ ዘር መለየት የታወቁ መፍትሔዎች ናቸው። አንዱ ገበሬ ብቻውን ቢያፈራርቅ ግን ከጎረቤቱ ማሳ የሚወርደው ጎርፍ በሽታውን ይዞለት ይመጣል። ስለዚህ ይህም የተፋሰስ ጉዳይ ነው፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ካልተነጋገሩ አይሆንም።

እዚህ ላይ ወጣቶቹን ሳላነሳ አላልፍም። ከ1989ኙ ሽግሽግ ወዲህ አጠቃላይ የመሬት ድልድል አልተደረገም። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ብዙው ከአባቱ የሚወርሰው ለወንድሞችና ለእህቶች ተካፍሎ ጥማድ የማይሞላ መሬት ነው። ቀሪው አማራጭ መሰደድ ወይም የቀን ሥራ ነው። ተከልሎ ያገገመው ኮረብታ ለእነዚህ ልጆች ሊሰጥ የሚችል ሀብት ነው። ሣሩ ታጭዶ ይሸጣል፣ ከብት ያደልባል። ብሳናውና ሌላው ሲያብብ ቀፎ ይሰቀልበታል። በየቦታው በወጣት ማኅበራት ተሞክሯል። የሚያሳዝነው ውሉ ብዙ ጊዜ በቃል መሆኑ ነው፤ ሊቀመንበር ሲቀየር ወይም ሣሩ ሲያምር ባለቤቱ ይበዛል። ማርም ሣርም ያላየ ወጣት ለምን ይጠብቀው?

የአሁኑን ጊዜ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልሉ ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ብሏል። በዚያው ክረምት መጨረሻ የተቀሰቀሰው ግጭት ምዕራብ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ባለሙያ ወደ ቀበሌ በማይደርስበት ጊዜ የሚቀረው መንደሩ ራሱ ነው። ዘመቻ የሚጠብቅ ካብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይፈርሳል። በእድር ደንብ የተያዘ ካብ ግን ባለሙያው ባይመጣም የሚያነሳው አያጣም። ሰላም እንዲወርድ ሁላችንም እንጸልያለን፤ እስከዚያ ግን ክረምቱ አይጠብቀንም።

ለመሆኑ መንደሩ ተፋሰሱን ራሱ እንዳይመራ ሕጉ ይከለክላል? አይከለክልም። በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል፤ በክልላችንም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር በሕግ ሊቋቋም ይችላል። የጎደለው የመንደሩ ውሳኔ ተሰምቶ፣ ታትሞ፣ በወረዳ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆም መሆኑ ነው። ከላይ የሚመጣው ባለሙያ እውቀቱን ይዞ ይምጣ፣ ልኩን ያስተምር፤ ሲባጎው የት እንደሚወጠር ግን ከታች ማሳ ያለው ሰው ጭምር ይናገር። ሪፖርቱም ከተሠራው ኪሎ ሜትር ይልቅ ከሁለት ክረምት በኋላ የቆመውን ይቁጠር።

የመጪው ጥር ስብሰባ በየቀበሌው ሲጠራ ከእርከኑ ርዝመት በፊት የሣሩ ነገር ይነሣ። ከክትሩ ላይ የበቀለውን ማን ያጭደዋል? ባሏ የሞተባት፣ ከብት የሌላት እናት ድርሻዋን ሸጣ ትጠቀማለች ወይስ አትጠቀምም? ማሳ ላይ ከብት የሚለቀቀው ከስንት ወር በኋላ ነው፣ ደንቡን የጣሰስ ስንት ብር ይቀጣል፣ ብሩስ የማን ኪስ ይገባል? ጠባቂው እህል በቤት ቁጥር ይሰፈርለታል ወይስ ደመወዝ ይቆረጥለታል? ወጣቶቹ ቀፎ የሰቀሉበት ኮረብታ ለስንት ዓመት የእነርሱ ነው? ይህ ሁሉ በውስጠ ደንብ ይጻፍ፣ ሴቱም ወንዱም ይፈርምበት። ጽፎ የያዘ ቀበሌ ካለ ደግሞ ቅጂውን ለጎረቤት ቀበሌ ያውስ፤ ሰዉ እንደሆነ በየሳምንቱ ገበያ ላይ መገናኘቱ አይቀርም።